እናቴ የምታነበው ታፔላ

ዛሬ ጠዋት እናቴ ላንቻ አካባቢ አንድ የኳስ ቤቲንግ ቤት ገብታ የግፊት መድኃኒቷን ጠየቀች። ውስጥ የነበሩት ልጆች ሳቁባት።

(እርግጥ ግፊት የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ብዙም አልራቀችም።)

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ፋርማሲውን የምታውቀው ታፔላው ላይ በእጅ በተሳለው አረንጓዴ እባብ ነበር። አንገቱ ጠማማ ነው። "እባቡ ጋ ደርሼ መጣሁ" ትለን ነበር።

አሁን የመንገዱ ታፔላ በሙሉ አንድ ነው። ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ አንድ ፎንት፣ አንድ ቁመት። በቃ።

"ልጄ፣ ዓይኔ ሊጠፋ ነው መሰለኝ፤ ሁሉም ቤት አንድ ሆነብኝ" አለችኝ።

ዓይኗ ደህና ነው። ካዛንቺስ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ እነዚያን ታፔላዎች ዲዛይን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እባቡንም "ፋሽኑ አልፏል" ብዬ ያስነሳሁት እኔው ነኝ። ባለሱቆቹ ወደውታል። ማለቴ፣ እኔም ወድጄው ነበር።

"ከእንግዲህ አንተው አምጣልኝ፤ እኔ አልወጣም" ብላ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። ታፔላዎቹ የእኔ ሥራ እንደሆኑ አልነገርኳትም።

እናንተ ቤትስ ከተማውን በቀለምና በሥዕል የሚያነብ ሰው አለ? አሁን እንዴት እየሆነ ነው?

ጻፉልኝ። እሷ እንደሆነ አታነበውም።