ባዶ ቤት የማሞቅ ነገር

ከደሴ በተነሣንበት ማታ መብራት በተራ ይጠፋ ነበር። ተራው የእኛ ሰፈር እንደነበረ ለዓመታት ተናግሬአለሁ፤ ልጄ ጀማል ግን «አባባ፣ በርቶ ነበር፤ አንተ ነህ ስንወጣ ያጠፋኸው» ይለኛል። የእኔን ትውስታ ከእርሱ አስበልጬ ለማመን ስለማልደፍር ሁለቱንም ጽፌላችኋለሁ።

የማልጠራጠረው ይህን ነው። በፕላን መሥሪያ ቤት ሳለሁ ባዘጋጀሁት ጥናት፣ ኢኮኖሚ ሲያድግ የኃይል ፍጆታ እንደሚጨምር፣ ከኃይሉ ጋር ፋብሪካ፣ ከፋብሪካውም ጋር ለወጣቱ ሥራ እንደሚመጣ አስረግጬ ጽፌ ነበር። ጀማል በቧንቧ ሙያ ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እንኳ «ዕድገቱ ገና ስላልደረሰ ነው» እል ነበር። በኋላ እርሱ ዲቪ ደረሰው፤ እኔም ቀድማ እዚያ የነበረችው ነርሷ ልጄ ሐሊማ ባስጨረሰችልኝ ወረቀት አብሬው ወጣሁ። ታናሽ ወንድሙ ሰዒድ፣ እርሱም ተመርቆ፣ ደሴ ከአክስቱ ጋር ቀረ።

አዲሱ ከተማችን ሪችፊልድ ስንገባ ጥናቴን በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። የደሴን ብርድ ብርድ ብለን በመጥራታችን ይቅር ይበለን! ጠዋት ሰዉ ቁርሱን ሲበላ መኪናው ባዶውን ደጅ ቆሞ እየተንተከተከ ይሞቃል፤ ከየጣሪያው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ብሩክሊን ፓርክ ያሉት መጋዘኖች ሠራተኛ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ኃይሉም፣ ጭሱም፣ ሥራውም ባንድ ቦታ። ጀማልን በሙያው የሚቀጥረው ግን አልተገኘም። «የዚህ አገር ኤክስፒሪያንስ የለህም» እያሉ ይመልሱት ነበር። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭን ውሎ ይገባና እጆቹን ያያል።

ጥር ይመስለኛል፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ሐሊማ ዘንድ ለሁለት ቀን ሄድን። ስንወጣ እንደ ልማዴ መብራቱን አጠፋሁ፤ ማሞቂያውንም ጨምሬ አጠፋሁ። ስንመለስ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ ቧንቧውን አፈንድቶታል፤ ወለሉ ተጥለቅልቋል።

አከራያችን ካርል፣ የእኔ እኩያ የሆነ ሽማግሌ፣ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ገባ።

«ሂተሩን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ። ሰው የሌለበትን ቤት ማሞቅ ብክነት ነው።»

«ለሰው ነው ማን አለህ? ለቧንቧው ነው!»

«ታዲያ ተከራዩ ቧንቧው ነው?»

«አዎ! ካንተ የሚሻል ተከራይ! የተማርኩ ሰው ነኝ አላልከኝም?»

«የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነኝ።»

«ምነው የቧንቧ በሆንክ!»

«የቧንቧውስ ልጄ ነው» አልኩት።

ጀማል ዋናውን ውሃ ዘግቶ ጨርሷል። ካርል የደወለላቸው የቧንቧ ሠራተኞች ሁሉ በዚያ ብርድ ሥራ በዝቶባቸው አንመጣም አሉ። ጀማል ከካርል መኪና መሣሪያ አውጥቶ የፈነዳውን ቆረጠ፤ አዲስ ቧንቧ በየደ፤ ውሃውን ሲለቀው ከመጋጠሚያው አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣችም። ካርል ብየዳውን በጣቱ ዳበሰው።

«የት ተማርክ?»

«ደሴ።»

«የት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሰኞ ና። አራት ሕንጻ አለኝ፤ ማሞቂያቸውንና ቧንቧቸውን ትይዛለህ።» ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ «እሱን ግን ይዘህ እንዳትመጣ!» አለው።

ጀማል ስሙ ደረቱ ላይ የተጠለፈበትን የሥራ ልብስ ለብሶ የወጣበትን ጠዋት ማንም አያስተባብለኝም። ከመስኮቱ ሆኜ እስኪሰወር አየሁት። በጻፍኩት ነገር ሁሉ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ለሰዒድ ደውዬ የወንድሙን ሥራ አበሠርኩት። ደስ አለው፤ ከዚያ «አባባ፣ እዚህም ከከተማው መውጫ ያለው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ! አላልኩህም? ተቀጠርክ?»

«ተመዝግበን ነበር። ማሽኑ ብዙ ሰው አይፈልግም አሉን። ጭሱ ግን ሰፈራችን ድረስ ይመጣል፤ አክስቴ ልብስ ውጭ ማስጣት ትታለች።»

ጀማል ገና ከሌሊት ሥራ መግባቱ ነበር፤ ቦት ጫማው በሩ ሥር በረዶውን እያንጠባጠበ ነው። እርሱን እያየሁ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ጥናቴ ሣጥኑ ውስጥ አለ?» አልኩት ሰዒድን።

«አለ።»

«አውጣው። ስለ ወጣቱ ሥራ ከጻፍኩት መስመር አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርግልኝ።»

ሣጥኑ ሲከፈት፣ ወረቀቱም ሲገለጥ በስልኩ ተሰማኝ። ሰዒድ አክስቱን እስክሪብቶ እንድታቀብለው ጠራት።

«በእርሳስ ይሁን፣ ልጄ» አልኩት።