ላብና ስብ

በአሰብ ወደብ አንድ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ጆንያ ሲገባ እመዝናለሁ፣ ሲወጣ እመዝናለሁ፣ ልዩነቱን እጽፋለሁ። ሥራው ብዙ ንግግር ስለማይጠይቅ ተስማምቶኝ ነበር። ተሸካሚዎቹ «ጓድ ግራም» ይሉኛል፤ ግማሽ ኪሎ የጎደለውን ጆንያ ዝም ብዬ ስለማላሳልፍ ነው።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ሥራ ሊያበቃ ሲል፣ አንድ የክሬን ነጂ ወደ መጋዘኑ ገቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሦስት፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቀበቷቸው ከሆዳቸው ሥር የማይታይ የደሴ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ግራ ቀኝ አይተው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ጫማቸውን አወለቁና ትልቁ የጆንያ ሚዛን ላይ ወጡ።

«ስንት ይላል?»

«ዘጠና ሰባት ኪሎ ከሦስት መቶ።»

«ሦስት መቶዋን ተዋት።»

«አልችልም ጋሼ።»

ሳቁ። ከዚያ ጫማቸውን እያጠለቁ የመጡበትን ነገሩኝ። በየዓመቱ በሚደረገው ምርመራ ሐኪሙ የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን አይቶ ሁለት ወር ተኩል ሰጥቷቸዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰባት ኪሎ ካልቀነሱና ግፊቱ ካልወረደ ክሬን መንዳት ይቀራል፤ መሬት ወርደው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ይጠብቃሉ።

ግምጃ ቤቱን አውቀዋለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ያለችው አንዲት መስኮትም ወደ ግድግዳ ታያለች። የክሬኑ ካቢን ግን ሃምሳ ስምንት ደረጃ ከፍ ብሎ ነፋስ በሁለት በኩል ያልፍበታል። ጋሼ እዚያ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል።

«መርከብ ገና ነጥብ ሳለች የማያት እኔ ነኝ» አሉ። «አሁን ወርጄ መፍቻ እየቆጠርኩ ላርጅ? አንተ ታነባለህ ይላሉ። እስኪ አንድ ነገር ፈልግልኝ።»

ማንበቤ እውነት ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን ያወቅኩት መርከበኞች ጥለውት ከሚሄዱት ወረቀት ነው። ከዚያ መሃል ክብደት ስለመቀነስና በጤና ስለማርጀት የምታወራ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረችኝ። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ወር ሙሉ አንብቤያታለሁ። ምክሯ ግልጽ ነው፦ በየቀኑ አየሩ ሞቅ ባለበት ሰዓት መራመድ፣ ላብ እንዲወጣ ወፍራም ልብስ መልበስ፣ ሲመለሱ መመዘን። ሽፋኗ ላይ አንገታቸውን በሻርፕ የጠቀለሉ ሁለት ሽማግሌዎች ቅጠላቸው በረገፈ ዛፎች ሥር ይሄዳሉ። ያንን ሥዕል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደሚነግረኝ ግን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ጀመርን። በሐምሌ፣ አሰብ ውስጥ፣ በዘጠኝ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ወንዱ ሁሉ ሽርጡን አገልድሞ የጠፍር አልጋው ላይ ተዘርሯል። እኛ ግን ሹራብ ለብሰን ከወደቡ በር ወደ ጨው ማምረቻው በሚወስደው መንገድ እንራመዳለን። የጋሼን ሹራብ የላኩላቸው ባለቤታቸው ከደሴ ነው፤ አሰብ ውስጥ ሲለበስ ያ የመጀመሪያው ነበር። አንዲት ሴት ከበራፏ ሆና ጎረቤቷን «እነዚህን ሰዎች ቀበሌው ቀጥቷቸው ነው?» ስትል ሰማናት። ጋሼ ዞር ብለው «አዎ፣ በሆዳችን ተከሰን ነው» አሏት።

ሐሙስ ሐሙስ ከጉዞው እንደተመለስን ሹራቡን አስወልቄ እመዝናቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠና አምስት፣ በሦስተኛው ዘጠና አራት፣ በአምስተኛው ዘጠና ሦስት ሆኑ። ጋሼ ቁጥሩን ባዩ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። ቀጥለውም ሎሚና ጨው የገባበት አንድ ማሰሮ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣሉ። «አሰብ ውስጥ ጨው ያልቀመሰ ሰው ይወድቃል» ይባላል፤ እኔም ያንኑ አምን ነበር።

በአምስተኛው ሐሙስ ደስታችንን ለማክበር ባሕሩ ዳር ዓሣ ወደሚጠብሱት ሐጂ ሄድን። ሐጂ ከአሰብ በስተደቡብ ያለችው የራሔይታ ሰው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸው ዓሣውን ራሳቸው ሰንጥቀው፣ ራሳቸው ጎንበስ ብለው በጥልቁ ምድጃ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ሹራባችንን አዩና ሥራቸውን አቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም። ከየት ነው?»

«ከእግር ጉዞ» አሉ ጋሼ።

«በዚህ ሰዓት ግመል ተቀምጧል። ግመል የማይሠራውን ማን አስተማራችሁ?»

ጋሼ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «መጽሐፍ አንብቦ ነው።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው አሰብን ያውቃታል?»

ሽፋኗ ላይ ያሉት ሻርፕ የጠቀለሉ ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ፤ የሚራመዱት ብርድ አገር ነው። ዓሣው መጣ፤ ጋሼ በሉ፣ እኔ ግን የአምስቱን ሐሙስ ቁጥሮች ደግሜ አሰላሁ።

በማግስቱ ከመነሳታችን በፊት መዘንኳቸው፤ ዘጠና አምስት ከስድስት መቶ። ስንመለስ ዘጠና ሦስት ከሁለት መቶ። ሲመሽ፣ ውሃቸውን ከጠጡ በኋላ፣ ዘጠና አምስት ከአምስት መቶ። እርጥብ ጆንያ ሲመጣልኝ ውሃውን ከእህሉ ለይቼ ሳልጽፍ የቀረሁበት ቀን የለም። በሰው ላይ ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ረስቼው ነበር።

«ጋሼ፣ የወረደው ላብ ነው» አልኳቸው።

«ሁሉም?»

«አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራሙ ስብ ሊሆን ይችላል። ሌላው ውሃ ነው። ስንመለስ ብቻ መመዘን አልነበረብኝም።»

ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ሹራባቸውን በእርጋታ አጠፉና ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት።

«ይኼስ ስንት ነው?»

«ስምንት መቶ ግራም።»

«እሱን እንኳ ትክክል አውቀሃል» አሉና ለቀሪው አምስት ሳምንት ምን እንደምናደርግ ጠየቁኝ። ወደ ሐጂ ተመለስን።

ሐጂ ምክር አልሰጡንም፤ የሚያደርጉትን ብቻ ነገሩን። ከንጋት ሶላት በኋላ ባሕሩን ተከትለው ሄደው ይመለሳሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበላሉ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይቀምሱም። ሲጠግቡ ሳይሆን ሊጠግቡ ሲሉ ይነሳሉ። «ጀልባን እስከ አፏ ከጫንካት ትንሹም ማዕበል ይገባል» አሉ። ስለ ጨው ግን በወሬ መመራት ስላልፈለግኩ ክሊኒክ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኳት። ግፊት ያለበት ሰው ውሃውን እንዲጠጣ፣ ጨውን ግን እንዲቀንስ ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ የምንነሳው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ባሕሩ ገና ግራጫ ሳለ ሆነ። ሹራቡ ወደ ሻንጣው ተመለሰ። ጋሼ ከቀበሌው ሱቅ የሚደርሳቸውን ስኳር እኩሌታውን ለጎረቤት ሰጡ፤ ሻያቸውን በአንድ ማንኪያ ስኳር ብቻ ጠጡ። «አብዮቱ ያልነካብኝን ስኳር አንተ ወሰድክብኝ» አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ከሁሉም የከበዳቸው ከደሴ የሚላከው ቅቤ ነበር። ከብዙ ድርድር በኋላ በእሑድ አንድ ማንኪያ ላይ ተስማማን። እራት ግማሽ ዓሣና ግማሽ ዳቦ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት። ሆዳቸው ቀለል ብሎ ስለሚተኙ እንቅልፋቸው እንደተሻለ ነገሩኝ። እኔም ከቀጭኖቹ ወገን ብሆንም የከሰዓት ራስ ምታቴ መቅረቱን ለራሴ ልብ አልኩ።

ሚዛኑን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወርኩት፤ ላባቸው ደርቆ፣ ውሃቸውን ጠጥተው፣ በአንድ ዓይነት ልብስ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። በአንዱ ሳምንት ዘጠኝ መቶ ግራም፣ በሌላው ምንም። አንዴ ደግሞ ሁለት መቶ ጨመሩ።

«ይቺን አትጻፋት።»

«ጽፌአለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው አጠገቧ ሠርግ ነበረ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ።

የምርመራው ዋዜማ ላይ ዘጠና ሁለት ከአንድ መቶ ነበሩ። ለሰባቱ ኪሎ አንድ ከስምንት መቶ ይቀራል። ጋሼ ቁጥሩን ትኩር ብለው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሹራቤን ለብሼ ብወጣስ? ነገም እስክመዘን ውሃ ባልጠጣ?»

ይህ ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። «ሚዛኑ ይወርዳል» አልኳቸው። «ስለ ልብዎ ግን አላውቅም።»

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ወደ ክሬኑ ብዙ ጊዜ አዩ። በመጨረሻ ተነሱና የሱሪያቸውን አቧራ አራገፉ። «ሐኪሙን አታልዬ ወጥቼ እዚያ ላይ ራሴን ብስት፣ ጭነቱን ከሥር የሚቆሙት ልጆች ላይ ነው የምለቀው» አሉ። «ያለሁትን ሆኜ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ጆንያ መዘንኩ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ጋሼ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መጡ።

«ስንት አለ?» አልኳቸው።

«ዘጠና ሁለት ከሦስት መቶ።»

«ቁርስ በልተው ነበር?»

«ግማሽ ዳቦ።»

«እንግዲያው የክሊኒኩ ሚዛን ልክ ነው።»

«ወይ ጓድ ግራም! ሰው ሞተ ዳነ ሳይል ሚዛን ይጠይቃል» አሉና ተቀመጡ። ሐኪሙ ሰባቱ ኪሎ እንዳልሞላ ነግሯቸዋል። ግፊቱን ግን ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለቴም ወርዶ አገኘው። የክሊኒኩን ደረጃ አስወጥቶ አስወርዶ የልባቸውን ምት ቆጠረ። ክሬኑ ላይ እንዲቆዩ ፈቀደላቸው፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ተመልሰው ይታያሉ። ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ የሥራ ተራቸው ደርሶ ስለነበር ወደ ክሬኑ ሄዱ።

ያን ምሽት በማግስቱ አርፍጄ ልተኛ አሰብኩ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ።

«ምርመራውን አለፉ እኮ ጋሼ» አልኩ ሳልነሳ።

«እሱ የሰጠኝ ሦስት ወር ነው። እኔ የምፈልገው እስከ ጡረታዬ ነው። ተነስ።»

ተነሳሁ። ነፋሱ ከባሕር በኩል ነበር፣ አሸዋውም ገና አልሞቀም። ከፊታችን፣ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ የሐጂ ነጭ ሽርጥ ይታያል። ጋሼ እርምጃቸውን አፈጠኑ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አልደረስንባቸውም።