የማይቀዳው ካሴት

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ክንዴን በአልኮል በራሰ ጥጥ ስትጠርገው ሽታው አፍንጫዬ ገባና እንባዬ መጣ።

«መርፌ ይፈራሉ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ወንድሜ ከሞተ አምስት ወሩ ነው። ሱቁ በነበረን ዘመን፣ ጠዋት ጠዋት እጁ የሚሸተው እንደዚያ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። አዳማን ናዝሬት እንላት ነበር። ወንድሜ አውቶቡስ ተራው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ካሴት ይቀዳ ነበር። ሁለት ቴፕ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ገመድ፣ አንድ ትልቅ ስፒከር ነበረው። ሌላ ዕቃ አልነበረም። በሩን ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ ጥጥ አልኮል ውስጥ እየነከረ የቴፖቹን ሄድ፣ ክሩ እየታከከ የሚያልፍበትን ብረት፣ ይጠርጋል። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። «አየህ፣» ይለኛል እያሳየኝ፣ «ትናንት የዘፈኑት ሁሉ ትንሽ ትንሽ እዚህ ቀርተዋል።»

ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል። የሚወዳቸውን ዘፈኖች ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጠናል፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስዳል። ከውጭ የፈረስ ጋሪ ቃጭል ይሰማል። ነፋስ ሲነሳ አቧራው ስለሚገባ በሩን መዝጋት ያምረናል፤ ከዘጋነው ግን ሙቀቱ አያስቀምጥም። ስለዚህ አቧራውን መርጠን እንቀመጥ ነበር።

ሌብነት ነው ብሎ ያሰበ ሰው አላስታውስም። ዘፋኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። ለእኛ የካሴት ሽፋን ላይ ያሉ ፎቶዎች ነበሩ። ፎቶ ደግሞ ራበኝ አይልም። አንዳንድ ጊዜ ካሴቱን ያሳተሙት ነጋዴዎች ቅጂ የሚያድኑ ሰዎች ይልካሉ። ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ የጋሪ ነጂዎቹ ወሬውን ያደርሱልናል። ወንድሜም ቅጂዎቹን ጆንያ ውስጥ ይከትና ጎረቤታችን እህል ነጋዴዋ ዘንድ ሮጦ ጤፍ መሃል ይቀብራቸዋል።

«ቅጂ አለህ?» ይሉታል ሰዎቹ ገብተው።

«ጓዶች፣ ቅጂ ደግሞ ምንድን ነው?»

እነሱ ሲሄዱ እህል ነጋዴዋ ጆንያውን እያራገፈች፣ «አንተ ልጅ፣ ጤፌን አዝማሪ አደረግኸው እኮ! ነገ እስክስታ ቢወርድብኝ ማን ይገዛኛል?» ትለዋለች። እንስቅ ነበር። በጣም እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን ግን ከፎቶዎቹ አንዱ በእግሩ መጣ።

የሰፈራችን ሰው ነው። ሶደሬ፣ ፍል ውሃው ጋ ባለው ሆቴል ከባንዱ ጋር ይዘፍናል። ከወንድሜ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። አብረው ዋኝተዋል፣ አብረው ከትምህርት ቤት ተባረዋል። የመጀመሪያ ካሴቱን አዲስ አበባ ሄዶ አስቀረጸ። አሳታሚው ታዲያ በገንዘብ ፈንታ የከፈለው በካሴቱ በራሱ ነበር። ካርቶን ሙሉ ካሴት አሸክሞ፣ ራስህ ሽጠህ ተጠቀም ብሎ ሰደደው። ዘፋኙ ካርቶኑን ተሸክሞ ሱቃችን ገባና መሬት ላይ አስቀመጠው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

«የምጫወትበት ጊታር የሆቴሉ ነው፤ ታውቃለህ» አለ ለወንድሜ። «ባኮርፋቸው እንኳ ይዤው መውጣት አልችልም። ይቺ ከተሸጠች የራሴን እገዛለሁ። ሌላውን ሁሉ ቅዳ። ይቺን ብቻ አትቅዳብኝ።»

ወንድሜ ብድግ ብሎ ትከሻዬን ያዘና፣ «ወንድሜ ይሙት፣ አልቀዳውም!» አለ።

ዘፋኙ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «ሰማህ? በአንተ ነው የተዋዋልነው፤ ደህና ሁንልኝ እንግዲህ።»

እኔም ሳቅሁ። እናቴ ስትሰማ ግን አልሳቀችም። «በእሱ ማልክ? ሌላ መሐላ አጥተህ ነው?» ብላ ወንድሜን ተቆጣችው፤ ከዚያ እኔን ጠርታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ካሴት ለብቻው፣ መደርደሪያው አናት ላይ ተቀመጠ። አስቀዳለሁ ለሚል ሁሉ የወንድሜ መልስ «ኦሪጅናሉን ግዛ» ሆነ። ደንበኞቹ ገረማቸው። «አንተ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው የጸደቅኸው?» አለው አንድ ሹፌር። ወንድሜ አፍሮ ፈገግ አለ። አሁን ሳስበው፣ ሌሎቹን እየቀዳን ያንን አንዱን መተዋችን ጽድቅ አልነበረም። ላቡን ስላየነው ነው። የሌሎቹን ላብ አላየንም። ይኼው ነው።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። ክፍላችን ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም... ደብተር ስታዋሰኝ እንኳ መልሼ እስክሰጣት ድረስ አልገልጠውም ነበር። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ወደ አርሲ ነገሌ ተዛወሩ። በሚሄዱበት ቀን ረፋዱ ላይ፣ ወንድሜ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ሳለ፣ ሱቁ በር ላይ መጥታ ቆመች። እጇ ላይ «እንግሊዝኛ» ተብሎ የተጻፈበት አሮጌ ካሴት ይዛለች።

«ያንን የሶደሬውን ልጅ እዚህ ላይ ቅዳልኝ» አለችኝ።

«አይቀዳም። ኦሪጅናሉን ውሰጂ፤ እኔ እሰጥሻለሁ።»

«ፎቶው አለበት እኮ። ጴንጤ መሆናችንን ታውቃለህ። እማዬ ዓለማዊ ዘፈን ካየች በመስኮት ነው የምትወረውረው። ይሄን ግን የእንግሊዝኛ ትምህርቴ ነው እላታለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እዚያ እኮ ማንንም አላውቅም።»

ስድስት ሰዓት ላይ መኪናቸው ይነሳል። ወንድሜ ከሱቁ ሲወጣ ያንን ማገናኛ ገመድ ኪሱ ከትቶ መሄድ ልማዱ ነው። እንዳይሰረቅበት ነበር። ስለዚህ ማይክራፎን ያላትን ትንሿን ቴፕ ስፒከሩ ፊት አስቀመጥኳት፤ ላይዋን በሹራቤ ሸፈንኩ። የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ በሩን ዘጋሁ። ላቤ ይንጠባጠብ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ፣ ዜማው ትንሽ ቆም የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ሲደርስ በሩ ተንኳኳ።

«አንተ! በዚህ ሙቀት ልትቀቀል ነው? በሩን ክፈተው!»

ከፈትኩለት። ሙዚቃ እየሰማሁ ነው አልኩት። መስማት አልተከለከለም። «እብድ» ብሎኝ የረሳውን የገንዘብ ቦርሳ አንስቶ ወጣ። ሹራቡን አላየውም። እንደገና ለመቅዳት ጊዜ አልነበረም። ካሴቱን እንዳለ፣ የወንድሜ ድምፅ ከነገባበት፣ ሮጬ ወስጄ ሰጠኋት። የጭነት መኪናው ላይ ፍራሽና አልጋ መሃል ተቀምጣ ነበር። እጄን ያዝ አደረገችው። ለዚያ ነው። ሰበብ ልደረድርልህ አልፈልግም፤ ለዚያ ነው ያደረግሁት።

ልጅቷ ካሴቱን ነገሌ ላገኘቻት ጓደኛ አዋሰች። የጓደኛዋ አባት ሻይ ቤት ነበራቸው። ነገሌም ካሴት የሚቀዳ ሱቅ ነበራት። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ወር ያህል ቆይቶ ዘፋኙ የሆቴሉን ጊታር ተውሶ፣ ካርቶኑን ይዞ፣ በገበያ ቀን ነገሌ ወረደ። እህል ተራው ዳር ቆሞ ሦስተኛውን ዘፈን ጀመረ። ያችን ቆም የምትል ቦታ ላይ ሲደርስ ልጆቹ በኦሮምኛ «በልበለ በኒ!» ብለው ጮኹ። አዋቂዎቹ በአማርኛ፣ «በሩን ክፈተው!» አሉ፤ ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። የዘፈኑ አካል መስሏቸዋል። የጮኹት ወደውት ነው። ካሴት የገዛው ግን አልነበረም፤ ሁሉም ቤቱ አለው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሱቃችን ገባ። ካርቶኑ እንደሄደ ተመልሷል። ከኪሱ የነገሌውን ቅጂ አውጥቶ ቴፑ ውስጥ ከተተው፤ ተጫነው፤ ጠበቀ። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «በዚህ ሙቀት ልትቀቀል ነው? በሩን ክፈተው!»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሁሉም ነገር ገባው።

«እኔ ነኝ የቀዳሁት» አለ ለዘፋኙ።

«አንተ?»

«እኔ። ቸገረኝ፤ ቀዳሁት።»

«በወንድምህ ምለህልኝ?» አለ ዘፋኙ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። እኔን እያየ ነበር። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ ሳልናገር ቀረሁ። ዘፋኙ ካርቶኑን እዚያው ትቶት ወጣ።

ወንድሜ አልመታኝም። አልተቆጣኝም። በማግስቱ ሱቁን ቆለፈና ካርቶኑን ትከሻው ላይ አደረገ፤ «ተነስ» አለኝ። ቆቃ ሄድን፤ ሞጆ ሄድን፤ ዝዋይ ሄድን። የነገሌው ቅጂ ያልደረሳቸውን ሰዎች እየፈለግን፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ዓሣ ገበያ እየዞርን ኦሪጅናሉን ሸጥን። የሽያጩን ገንዘብ በሆቴሉ ዘበኛ በኩል ይልክለት ነበር። ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር፣ የተጠበሰ ዓሣ ከጋዜጣ ላይ እየበላን ሳለ፣ እጁን እየላሰ ጠየቀኝ፦

«ቆንጆ ናት?»

«በጣም» አልኩት።

«ደህና፤ እንኳን ለፉንጋ አልሆነ» አለና አጥንቱን ወደ አንዲት ወፍ ወረወረ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አንስቶት አያውቅም።

ዘፋኙ ግን ሱቃችን አልተመለሰም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ወንድሜ ባርኔጣውን ያነሳለታል፤ እሱም አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። ይኼው ነው የቀራቸው። አብረው የዋኙ ሰዎች። ለስንት ዓመት በየጊዜው ሄጄ ልንገረው እያልኩ ጫማዬን አስሬያለሁ። ወንድሜ ሽማግሌ ሆነ፤ ካሴትም ጠፋ። ልጄ አሁን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ዘፈን ከስልኩ ያወርዳል። የሆነ ነገር ልለው አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። እኔ ምን አፍ አለኝ?

ለቅሶው ሁለተኛ ቀን ዘፋኙ በከዘራ እየተደገፈ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። አጠገቤ ቦታ ለቀቁለት። ከዚያ፣ በሰው መሃል፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ጋሼ፣ ያንን ካሴት የቀዳሁት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።»

ወደ እኔ አልዞረም። «አውቃለሁ» አለ።

«እሱ ነገረዎት?»

«እሱ? እሱማ ሞቶም አይናገር። ሶደሬ ተመልሼ ደጋግሜ ሰማሁት። ክፈተው የሚለው ሰውዬ ውጭ ነው ያለው። ውስጥ ያለው ማን ነው ታዲያ?»

«ካወቁ... ለምን ሳይመጡ ቀሩ?»

ከዘራውን መሬት ላይ አዞረው። «ልመጣ ነበር። ሱቁ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ። እየው፣ እኔ ወንድም የለኝም። እሱን ነበር ወንድሜ የምለው። ያን ቀን እኔንና አንተን ሚዛን ላይ አስቀምጦ አንተን አነሳ። ልክ ነው፤ ማንም ያንን ያደርጋል። ግን ቅር አለኝ። ቅር እንዳለኝ ስንት ዘመን ሄደ!» አፍንጫውን በነጠላው ጠረገ። «አንተም ብትነግረኝ ኖሮ፣ አውቄዋለሁ ብዬ ለመምጣት ሰበብ አገኝ ነበር። ሰበብ ነበር የጠፋኝ።»

እንግዲህ የጎደለው አንድ ቃል ነበር። እኔ ዘንድ ነበር የተቀመጠው።

ሊሄድ ሲነሳ ደግፌ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ፀሐይዋ ከባድ ነበረች። በሁለታችንም እጅ መሃል ላብ ነበር፤ እሱ አልለቀቀኝም፤ እኔም አልለቀቅሁትም። ስለ ጉልበቱ ነገረኝ፤ ወንድሜን በልጅነቱ አዋሽ ሊወስደው እንደነበረ፣ እሱ ራሱ በፀጉሩ ጎትቶ እንዳወጣው ነገረኝ። ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። «እንዴት አልነገረህም?» አለ ተገርሞ፣ ከመጀመሪያውም ጀመረልኝ።

ባዶ ባጃጅ መጥቶ አጠገባችን ቀስ አለ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣና አየን። ሁለታችንም አላስቆምነውም፤ አለፈ።