የአያቴ መልክ

በእኛ ቤት አባቴ ጠይም ነው፣ እናቴ የቀይ ዳማ፣ ታላቅ እህቴ ቀይ። እኔ ጥቁር ነኝ። እናቴ እንደምትለው ቁርጥ የአባቴን እናት ነኝ። ሴት አያቴ በልጅነቷ ከሩቅ አገር ተነድታ መጥታ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ተሸጠች። የገዛት ወንድ አያቴ ነው፤ ኋላ ሚስቱ አደረጋት። እናቴ ይህን የነገረችኝ “ከአፍሽ ቢወጣ ወየውልሽ!” ብላ ነው።

አባቴ አሊዩ አምባን ትቶ ቀወት የገባው እናቱን ከቀበረ በኋላ ስለነበር እዚህ የሚያውቃት የለም። በመልኬ የማሳብቅበት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጣሊያን ሮቢት ላይ ሰፍሮ መንገድ በሚያሠራበት ዘመን፣ ማጀቴ ከሚባለው አገር ለእህቴ ሽማግሌ ተላከ። በአገራችን ልጅ ከመሰጠቱ በፊት አጥንት ይቆጠራል። ከሰባት ቤት በአንዱ የተሸጠ ሰው ከተገኘ ነገሩ ያበቃል። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ። እህቴ ደግሞ ልጁን ገበያ ላይ አይታው ወዳዋለች።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን አባቴ ዓይኔን ሳያይ፣ “አንቺ ማማ ላይ ዋይ፤ ግሪሳው ማሽላውን ሊጨርሰው ነው” አለኝ። ለማሽላው እንዳልሆነ ገብቶኛል። እዚያ ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ ላይ ቆሜ ወንጭፌን እያወናጨፍኩ አለቀስኩ። ወፉ እንኳ የጥቁር እጅ ድንጋይ ነው ብሎ አልናቀኝም፤ ስወረውር ይበር ነበር።

ፀሐይ ስትበረታ የጣሊያን መኪና አቧራውን እያቦነነ ወደ ቤታችን ሲታጠፍ አየሁ። መደበቄን ረስቼ እናቴን እያልኩ ሮጥኩ።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ ከአባቴ ጋር ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ወታደሮች ከበዋቸዋል። ወንዶች ተሰብስበው ሲያይ ጣሊያኑ አለቃቸው የአርበኞች ምክክር መስሎታል። ቀይ ነን ብለው የሚኩራሩትንም ጠይሙንም ባንድ ላይ “እናንተ ጥቁሮች” እያለ በአስተርጓሚ ይሰድባቸዋል። ለእሱ ሁላችንም አንድ ቀለም ነበርን። በኋላ የጋብቻ ሽምግልና መሆኑ ገብቶት ሊሄድ ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ።

“ይቺ የማን ናት?” አለ አስተርጓሚው።

ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። አባቴ መሬት መሬት እያየ፣ “ገረዳችን ናት” አለ።

ገረድ ማለት ያኔ የተገዛች ማለት ነበር፤ ጣሊያኑ ሰምቶ ሳቀና ተናገረ። አስተርጓሚው ቃሉን በአማርኛ መለሰው፦ “መንግሥታችን ባርነትን ሽሯል። ልጅቱ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ናት። መኪናው ላይ ትውጣ፤ ካምፕ የወታደር ልብስ ታጥባለች።”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አባቴ አንድ ቃል ቢናገር እቀራለሁ፤ ከተናገረ ግን ሠርጉ ይፈርሳል። ፊቱን ከእኔ ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረ። እናቴ በሩ ላይ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች። ወታደሩ ክንዴን ያዘኝ።

ያኔ ፍርሃቴ ሁሉ ወደ ንዴት ተለወጠ። “ልጁ ነኝ!” ብዬ ጮኽኩ። “ይሄ መልክ የእናቱ ነው። አሊዩ አምባ የተሸጠችው የእናቱ! እሱንም የወለደችው እሷ ናት!”

አስተርጓሚው ወደ አባቴ ዞረ፤ “እውነቷን ነው?”

አባቴ፣ “ልጄ ናት” አለ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ወታደሩ ለቀቀኝና መኪናቸው ሄደ።

ሽማግሌዎቹ የተቀዳላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ። ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ “እግዚአብሔር ያውቃል” ብቻ ብለው በመጡበት ተመለሱ። አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ቀወት ከገባ ወዲህ እናቱን በሰው ፊት ሲጠሩበት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በዚያ ቀን ይመስለኛል።

እህቴ ጓዳ ውስጥ ተደፍታ ስታለቅስ ገባሁ። ቀና ብላ በጥላቻ አየችኝ።

“እኔንም እንዳንቺ አደረግሽኝ” አለችኝ።

“እኔ ምን አደረግኩሽ?” አልኳት። “ስትወለጂም እንደኔ ነበርሽ።”