ያለ ጥርስ የወጣው ሽጉጥ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መቀሌ ገበያ ዳር፣ ዘውዴ የሚባል የስልክ ቤት ሠራተኛ በእጁ ከያዘው ሽጉጥ በወጣ ጥይት የግራ ጉልበቱ ተሰበረ። ይህን ያህሉን ያኔውኑ ለጋዜጣዬ ጽፌያለሁ። የቀረውን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ።

ሽጉጡ የእኔ ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ጥይቱን ራሱ የሚያጎርስ፣ ግን ምላጩ ጠጣር። ከሸዋ ለሥራ መጥቼ፣ ትግርኛው ገና ሳይገባኝ፣ ከዘውዴ በቀር ወዳጅ አልነበረኝም። ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ፈልጌ ይሆናል። ሽጉጡን ከገበያው ጀርባ መሣሪያ ለሚያድሱት ሽማግሌ፣ ለኣያ ሐጎስ ሰጠሁ። ምላጩን በሞረድ አለሰለሱት፤ የእንጨት እጀታውን አውጥተው የበሬ ቀንድ አለበሱት።

ሐጎስ አንድ ደንብ ነበራቸው። ምላጩን ያቀለሉትን መሣሪያ ሁሉ እጀታው ላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት፣ በሞረድ ፍቀው አንድ ትንሽ ጥርስ ያወጡለታል። የመቀሌ ሰው ያንን ጥርስ በጣቱ ሲያገኝ ይጠነቀቃል። እኔ ግን ቀንዱ ይበላሽብኛል ብዬ እምቢ አልኩ።

«ወደይ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ጥርሱ ላንተ አይደለም። ካንተ ቀጥሎ ለሚይዘው ነው።»

ለሚይዘው ሁሉ በአፌ እነግራለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። በዚያ ቃል ሽጉጡን ሰጡኝ።

በዚያ ሰኞ ዘውዴ ቀንዱን ልይ አለኝ። ጥይት እንደጎረሰ ሰጠሁት። ምላጩ ቀላል ነው አላልኩትም። ረስቼ ነው? አልረሳሁም። ማድነቁን እንዳላቋርጠው ነው።

«ጋዜጠኛው፣ ቀንድ አበቀልክ በለኛ፣» ብሎ ሳቀ። ወደ ታች ይዞ ሲያገላብጠው፣ ሳቁ ሳያልቅ ጥይቱ ወጣ።

የከተማው ሹም ሁላችንንም ጠርቶ ጠየቀ። ሐጎስ፣ ጥርሱን ያስቀረኝ ይህ ልጅ ነው፣ በአፉ ሊናገር ቃል ገብቶልኝ ነበር ብለው እውነቱን ተናገሩ። ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ፣ የሰውን ንግግር ቃል በቃል በመያዝ የምታወቀው፣ «አላስታውስም» አልኩ። በዚያው ሳምንት በጋዜጣው «በሠሪው ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር ብል ማን ይጠቀማል?

ሐጎስ መሣሪያ እንዳይነኩ ተከለከሉ። ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ኩሓ ሄዱ።

ዘውዴ እሑድ እሑድ በምርኩዝ እየመጣ፣ ወደ ሐኪም ተሸክሜ ስለወሰድኩት ያመሰግነኝ ነበር። ምስጋናው ከበደኝ። ቤት እያለሁ የለም ማስባል ጀመርኩ፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም መምጣቱን ተወ። ከዚያ በኋላ በዚህች ከተማ ስድስት ዓመት ምሳዬን ለብቻዬ በላሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ፈጥኜ አልፍ ነበር።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታው ያንተ አይደለምና።

በ1940 ኩሓ ሄጄ የሐጎስን ቤት አፈላለግሁ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ነበሩ። ሐጎስ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ማጭድ ይሠሩ ነበር።