አባቴ ከደሃና ያመጣው ሜዳ

በቀደም ልብስ ላሰጣ በረንዳ ብወጣ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ሠራተኞች ሣር ያጭዱ ኖሮ፣ የእርጥብ ሣሩ ሽታ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ አገኘኝ። ሰዉ ሁሉ ይህን ሽታ ይወደዋል፤ እኔን ግን ሰቆጣ ወስዶ ከአባቴ ግቢ ካብ ላይ ያስቀምጠኛል።

እናቴ የደሃና ደጋ ልጅ ነበረች። ተድራ ሰቆጣ ስትገባ፣ ክረምት አልፎ ምድሩ ሁሉ ቢጫና ወይን ጠጅ ከሚለብስበት አገር መጥታ የአባቴን አቧራማ ግቢ ስታይ፣ «እዚህስ መሬቱ ራቁቱን ነው የሚውለው» አለች ይባላል። እሷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጊዜው ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ እንደሚጠርበው ድንጋይ ዝምተኛ። የተዝካሯ ሰሞን ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር፣ እኔን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘውዴ አደራ ሰጥቶ፣ አህያ ተውሶ ወደ ደሃና ሄደ። በአምስተኛው ቀን ሲመለስ አህያይቱ ሁለት ጆንያ ተጭናለች። የሠፈሩ ሰው ገብስ መስሎት ሊረዳ ተሰበሰበ፤ ጆንያው ሲፈታ ግን አንዱ የደረቀ አበባ ከነዘሩ፣ ሌላው ከነአፈሩ የተነቀለ ሣር ሆኖ ተገኘ። ያን ሳምንት ሰቆጣ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ድንጋይ እንጂ አበባ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና የመጀመሪያውን ዓመት ዘር ዶሮና ጉንዳን ተካፈሉት። በሁለተኛው ዓመት ፍግ ቢያለብሰው ሳማና አረም ጎርምሶ አበባውን ዋጠው። «ለካ ድሃ አፈር ነው የሚወደው» አለና ፍጉን ጠርጎ አወጣ። በሦስተኛው ዓመት የቀረውን ዘር ከአሸዋ ጋር ደባልቆ በሰኔ መግቢያ በተነው፤ ከዚያ እሱና እኔ ጫማችንን አውልቀን፣ ዘሩ አፈሩን እንዲይዝ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያልን ረገጥነው። ከዚያ ቀን በላይ አብረን የተራመድንበትን ቀን አላስታውስም።

በመስከረም ግቢው ፈነዳ። አደዩ፣ ማገጡ፣ ጦስኙ፣ ደግሞ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙዎች። እናቴ ሁሉንም በኽምጣኛ ትጠራቸው ነበር፤ አባቴ ቋንቋውን ስላልያዘው «ያቺ የእናትሽ ሰማያዊ»፣ «ያቺ የእናትሽ ነጭ» እያለ ያልፋቸዋል። የሚያጭደው ጥቅምት አልቆ ዘሩ ከረገፈ በኋላ ብቻ ነበር። ለፍየል ብሎ የካበው ካብ ልጆችንም ከለከለ፤ አንድ ሰው ገብቶ እንዲረግጥበት አይወድም። እናም ሙሉ ሜዳ ነበረኝ፤ አብሮኝ የሚሮጥበት ግን አልነበረም። በደረቴ ተኝቼ ንብ ስቆጥር፣ ከካቡ ማዶ የእኩዮቼን ሳቅ እሰማ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ዝናቡ በሐምሌ አጋማሽ ቀረ። እኛ የእጅ እጣቢ ሳይቀር እያጠጣን ሜዳውን አዳንነው፤ በአካባቢው አረንጓዴ የሚባል የእኛ ግቢ ብቻ ቀረ። አንድ የመስከረም ጠዋት እትዬ ዘውዴ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«አያ ገብሩ፣ ላሜ ዛሬ አልነሣም አለችኝ» አሉ። ከዚያች ላም በቀር ምንም አልነበራቸውም። ሣር ስጠኝ አላሉም፤ ዓይናቸውንም ወደ ሜዳው አልጣሉም።

«እርጉዝ አይደለች? ስንት ወሯ ነው?» አለ አባቴ።

«ሰባት ገባች።»

አባቴ ማጭዱን ከግድግዳው አወረደ። «አባዬ፣ ዘሩ እኮ አልደረሰም!» ብዬ ጮህኩ።

«ላሟም አልደረሰችም» አለኝና ጎንበስ አለ።

ካቡ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ፣ አበባው ከነእንቡጡ ሲወድቅ እስከ ቀትር አየሁ። ላሟ በሦስተኛው ቀን ተነሣች፤ በኅዳር ወለደች። እትዬ ዘውዴ እንገር ይዘውልን ሲመጡ አኩርፌ አልቀምስም አልኩ፤ አባቴ የእኔንም ድርሻ በላው።

በሚቀጥለው ዓመት የበቀለው ሣርና እዚህም እዚያም ብቅ ያለ አደይ ነበር። ሰማያዊዋ ቀረች። አባቴ ደግሞ ደሃና ልሂድ ይልና ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። «ሳድግ እኔ አመጣልሃለሁ» አልኩት። አደግሁ፤ ተማርኩ፤ ኮምቦልቻ ሥራ ያዝኩ። ስልክ ሰቆጣ ሲገባ በጎረቤት ሱቅ እየደወልኩ «ሜዳው እንዴት ነው?» እለዋለሁ፤ «አለ» ይለኛል። ቃሌን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

የሞተው በመስቀል ሰሞን ነው። የለቅሶው ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተከለ፤ ሌላ ሰፊ ቦታ አልነበረንም። ጎረምሶች ካስማ ሲመቱ፣ አግዳሚ ሲጎትቱ አየሁ፤ እኔም ጥቁር ለብሼ የተረፉት አደዮች ላይ ተቀምጬ «እግዜር ያጥናሽ» ተባልኩ። የእናቴን መልክ እሱን እጠይቅ ነበር፤ ከእንግዲህ ማንን እጠይቃለሁ? ድንኳኑ ሲነሣ ሣሩ እንደ ሰሌን ተነጥፎ ነበር። እትዬ ዘውዴ ትከሻዬን ይዘው፣ «ይነሣል ልጄ፣ ዝናብ ካገኘ ይነሣል» አሉኝ። የዚያ ዓመት ዝናብ ግን አልቆ ነበር፤ የእኔም የሥራ ፈቃድ።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ወደ ደሃና የሚገነጠለው መንገድ ታየኝ። «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ።