አረፋ እምቢ ያለው ጉበት

ወርቅቱ ጠርሙስ መጣል ሞቷ ነው። አምቦ ተወልዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ የሚጥል ሰው ለእሷ አባካኝ ነው፤ ዘይቱም ማሩም ቤቷ የሚቀመጠው በዚያው ነው። ይህ አመሏ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቴክኒሻንነት በሠራችበት የኮሌጅ ላብራቶሪም አልለቀቃት።

በ2011 ዓ.ም. ለሊሴ የምትባል የማስተርስ ተማሪ መጣች። ጥናቷ ዕጢ የሚለቀው ነገር በሩቁ ያለውን ጉበት እንዴት እንደሚያዳክም ነበር። ጉበት ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። የተፈጨ ጉበት ላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጠብ ሲደረግ፣ ካታሌዙ ደህና ከሆነ አረፋው ይገነፍላል፤ ከተዳከመ ትንሽ ብቻ ያወጣል። ለሊሴ ከዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ የተወጉ አይጦችን ጉበት ካልተወጉት ጋር አስተያየች። ሁለቱም ዝም አሉ፤ አረፋ የሚባል የለም።

"አዴ ወርቅቱ፣ አለቀልኝ! ዲፌንሴ እኮ ሐሙስ ነው" ብላ አለቀሰች።

ወርቅቱ ጥፋቱ የአይጦቹ ጉበት መሆን አለመሆኑን በሌላ ጉበት ልታጣራ አሰበች። ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ወደ ሥጋ ቤት ከነፈች።

"ኦቦ ቱፋ፣ ጉበት ይስጡኝ፤ ዛሬ የታረደ!"

"ለዱለት ነው?"

"ለሳይንስ።"

"እንግዲያ ሐሞት ልመርቅልሽ" አሉ ባለ ሥጋ ቤቱ እየሳቁ።

የበሬውም ጉበት ዝም አለ። ያኔ ዓይኗ መስኮቱ ላይ በተቀመጠው ጠርሙስ ላይ አረፈ። ብርሃን የማያሳልፈው ቡናማው የፐሮክሳይድ ጠርሙስ ሲሰነጠቅ የገለበጠችው እሷው ነበረች፤ በምን? በአምቦ ውሃ ጠርሙስ! ሦስት ሳምንት ፀሐይ ሲመታው ኃይሉ አልቆ ውሃ ሆኗል። ወርቅቱ በሀፍረት ልትሞት ደረሰች፤ ግን ለለሊሴ ነገረቻት።

"ለማንም ትንፍሽ አልልም" አለች ልጅቷ አቅፋት።

ከመጋዘን አዲስ ፐሮክሳይድ አውጥተው፣ ፍሪዘር ውስጥ በተረፈው ጉበት ደገሙት። ያልተወጉት አይጦች ጉበት አረፋው ከቱቦው ገንፍሎ ፈሰሰ፤ የተወጉት እምብዛም አላወጣም። ሁለቱ ሴቶች እንደ ልጅ ዘለሉ።

ሐሙስ ዕለት ፈታኙ የሙከራ ደብተሯን እያገላበጡ "የመጀመሪያው ሙከራ ለምን ከሸፈ?" ሲሉ ለሊሴ ቃሏን ጠብቃ አቀረቀረች። ነጥቧ ሊቀነስ ነው። የወርቅቱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስም የተረፈው በዚያ ዝምታ ነበር። ወርቅቱ ግን ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ሸፍናልኝ ነው" አለችና ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየች።

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ለሊሴ እያለቀሰች ትስቃለች።

"ታዲያ እስካሁን ለምን አልጣሉትም?" አሉ ፈታኙ ማርኩን እየጻፉ።

"ጠርሙስ ይጣላል እንዴ?" አለች ወርቅቱ።